የፌሬቶቹ ቤት ሁለተኛ መውጫ

አባቴ በሕይወት ዘመኑ አራት ቤቶች ሠርቷል፤ አራቱም ለፌሬቶች ነበሩ። እኛ ራሳችን የምንኖርበት ቤት የማዕድኑ ንብረት ስለነበር ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር። ከከሰል ማስቀመጫችን አንስቶ እስከ ጎረቤታችን እስከ ወይዘሮ ኦሊቭ ሮብሰን አጥር ባለችው የዐሥር እርምጃ መሬት ላይ ግን አባቴ ዊልፍሬድ ሂንድማርሽ መሐንዲስም፣ አናጺም፣ ሕግ አውጪም ነበር።

በከሰል ማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ ሥራው ጣሪያ መደገፍ ነው። ሌሎቹ ከሰሉን እየፈለፈሉ ወደ ፊት ሲገፉ፣ እሱ ከኋላቸው እንጨት እየተከለ የእንግሊዙን የዱራም አውራጃ ከነቤተ ጸሎቱ፣ ከነመጠጥ ቤቱና ከነላሞቹ በትከሻው ደግፎ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው ለሁለት ቀጫጭን አውሬዎች መኖሪያ ሲያንጽ እጁ የለመደውን ልክ ሊረሳ አይችልም። የመጀመሪያው ቤት ጣሪያ ላይ የሥራ ጓደኛው ከትበርት ወጥቶ ቆሞበት ነበር፤ ከትበርት ደግሞ በመንደሩ ውስጥ በክብደቱ የሚታወቅ ሰው ነው።

ፌሬት የሙጭልጭላ ዘመድ ነው። ወገቡ እንደ ካልሲ የሚተጣጠፍ፣ ዓይኑ እንደ ዶቃ የሚያበራ፣ ጠረኑ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ፍጡር ነው። ጥንቸልን ከጉድጓዷ አስደንብሮ ያስወጣታል፤ አዳኙ በጉድጓዱ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃታል። እኛ ዘንድ ሁለት ነበሩ፤ ነጩ ወንድ በነጭነቱና በኩራቱ «ጳጳሱ» ተባለ፣ ቡናማዋ ሴት ሳሊ ነበረች። ነገር ግን ከአራት ዓመት በፊት በመጣ በሽታ ጥንቸሎቹ ከአገሩ ስላለቁ ሁለቱም ሥራ ፈት ሆነው ነበር።

«በዚህ መንደር ሳይሠሩ የሚበሉት እነሱና ሰባኪው ናቸው» ይል ነበር ከትበርት፤ በሕይወቴ ከሁሉ አብዝቼ የማምነው የዜና ምንጭ።

አራተኛው ቤት የተሠራው እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በጋ ነው። ወለሉ ከመሬት ሁለት ክንድ ከፍ ብሏል፤ ጣሪያው ዝናቡን ወደ ኋላ እንዲጥል አዘንብሏል። የመኝታው ሳጥን ጨለማና በድርቆሽ የታጨቀ ነው፤ ፌሬት ብርሃን ባለበት አይተኛምና። መጸዳጃው ከመኝታው እጅግ በራቀው ጥግ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ፌሬት ጨዋ ነው፣ የበላበትን አያበላሽም። ይህን ሁሉ ማንኛውም የመንደሩ ፌሬት አርቢ ያውቀዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የአባቴ ብቻ ነበር። አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ፣ መኝታውን ዞሮ፣ በሌላ በኩል እንዲወጣ ከጉድጓዱ ባመጣው ሸራ መጋረጃ መንገድ አበጀለት። ከዚያ የአያቴን አሮጌ የማዕድን ፋኖስ ለኩሶ፣ ክፉ ጋዝ መኖር አለመኖሩን ሊፈትሽ ወደ መኝታው ሳጥን አስጠጋው። ነበልባሉ ተሸማቀቀ።

«ጋዝ አለ» አለ አባቴ በጭንቀት።

«ጋዝ ሳይሆን ጳጳሱ ነው» አለ ከትበርት።

ከዚያ ሁለተኛው መውጫ ነበር። በእኛ ዘንድ ሁለት መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይወርድም፤ አንዱ ቢደፈን በሌላው ሊወጣ ይገባል። ይህ በአያቶቼ ዘመን በብዙ ሬሳ የተገዛ ሕግ ነው። ስለዚህ አባቴ በቤቱ ፊት ለፊት ካለው በር ሌላ፣ በስተኋላ፣ በወይዘሮ ኦሊቭ አጥር በኩል፣ አንዲት ትንሽ ማምለጫ በር ከነመቀርቀሪያዋ አበጀ። አራቱም ቤቶቹ ይህቺ በር ነበረቻቸው።

«ዊልፍ፣ እስቲ ልጠይቅህ» አለ ከትበርት፣ ፒፓውን ከጥርሱ ሳያላቅቅ። «የፌሬት ቤት ሥራው ፌሬቱ እንዳይወጣ ማድረግ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ሲባል መውጫ ታበጅለታለህ?»

«ዋናው ቢደረመስስ?»

«ምኑ ነው የሚደረመሰው? ሰማዩ?»

«አንተ ሰማይ ሲደረመስ አላየህም?» አለ አባቴ።

ከትበርት አይቷል። ፒፓውን መታ መታ አድርጎ አመዱን አራገፈ።

ፌሬቶቹ ከመጀመሪያው ቤት በዚያች በር አመለጡ። ከሁለተኛውም አመለጡ። ከሦስተኛውም። ሁልጊዜም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ወይዘሮ ኦሊቭ ማድቤት ነበር። ባሏ በደረት ሕመም ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ በቤተ ጸሎቱ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምትይዝ ሴት ናት። ድምጿ በአጥሩ ላይ ሲመጣ ሰሃኖቻችን ይንጫጩ ነበር።

«ዊልፍሬድ ሂንድማርሽ! ጳጳስህ ከምድጃዬ ሥር ነው!»

አባቴ ያን ጊዜ የሚያደርገውን እስከ ዛሬም ድረስ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። ከጉድጓዱ ሲመለስ በቆርቆሮ ገንዳ የታጠበውን ፊቱን እንደገና ይታጠባል። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ኮሌታውን ያስራል፣ ጸጉሩን በውኃ ያስተኛል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ልቤ ይደማለታል፤ ምሕረት ሊለምን የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው ብዬ አምን ነበር። ሁለት ሰዓት ይቆያል። አንድን ፌሬት ከምድጃ ሥር ለማውጣት ሁለት ሰዓት! ሴትዮዋ እንዴት ብታሠቃየው ነው?

ሲመለስ በአንድ እጁ ጳጳሱን፣ በሌላው ድስት ሙሉ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ኬክ ይይዛል። ኬኩ መደለያ እንደሆነ ተረዳሁ፤ እንስሳቱን አሳልፈን እንድንሰጥ ልባችንን ታለሰልሳለች። እያንዳንዷን ቁራሽ የጠላት ስንቅ እንደሚበላ ምርኮኛ በጥላቻ በላሁ። ሁለተኛ ጊዜም አስጨመርኩ።

ዛሬ፣ እድሜዬ ከዚያን ጊዜው የአባቴ እድሜ እጅግ ሲበልጥ፣ ያን ኬክ ቆም ብዬ አስበዋለሁ። ሊጡ ላይ ዙሪያውን የቅጠል ጌጥ ነበረበት። ለምርኮኛ ቅጠል የሚቆርጥ ማን ነው?

በሰኔ ደብዳቤ መጣ። የመንደሩ ቤቶች ተቆጣጣሪ አቶ ፔንማን በጽሑፍ እንዳስታወቁት፣ ስለ ፌሬቶቹ ሦስት ጊዜ ማምለጥ አቤቱታ ቀርቧል፤ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መጥተው ቤቱን ይመረምራሉ፤ የቤቱ አሠራር እንስሳቱን የማይዝ ሆኖ ከተገኘ ይወገዳሉ። «ይወገዳሉ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳሊ በእናቴ ቦታ ያለች ነች እስከማለት አልደርስም፤ እናቴ ያረፈችው ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው፣ ፊቷን አላስታውሰውም። ሆኖም ከትምህርት ቤት ስመለስ በሹራቤ እጅጌ ገብታ በአንገቴ የምትወጣ ሌላ ማንም አልነበረኝም።

አቤቱታ አቅራቢዋ ማን እንደሆነች ለመገመት ዘጠኝ ዓመትም አያስፈልግም ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴና ከትበርት በመሣሪያ ማስቀመጫው ውስጥ ሲነጋገሩ ከውጭ ሆኜ ሰማሁ።

«እንግዲህ እስከ መቼ ነው?» አለ ከትበርት። «ሦስት ዓመት! ባቡር እንኳ እንዲህ አይዘገይም። ገብተህ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ይለኛል! አፍ የለህም? ከመሬት በታች ስትጮህ ድምፅህ በሌላው አውራጃ ይሰማል።»

«ከመሬት በታች ሌላ ነው። እሷ ደግሞ እምቢ ብትለኝ በየቀኑ በአጥሩ ላይ ልንተያይ ነው። ልጅቷም አለች።»

«ልጅቷማ ኬኩን ትወደዋለች።»

ይህን ሰምቼ ከንፈሬን ነከስኩ። ከትበርትን የመሰለ ሰው እንኳ ተታሏል! አባቴ ሴትዮዋን ፊት ለፊት ተጋፍጦ «እንስሶቼን አልሰጥም» ለማለት ድፍረት እንዳጣ ተረዳሁ። ስለዚህ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ መዶሻ አንስቼ ሁለተኛዋን በር በዐሥራ አንድ ሚስማር ቸነከርኳት። ሰባቱ ተጣመሙ፤ አራቱ ግን ገቡ። ጳጳሱ በሽቦው ውስጥ ሆኖ እንደ ተቆጣጣሪ ተመለከተኝ።

ከዚያ ጀምሮ ማምለጥ ቀረ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም። እኔ በድል ስኮራ አባቴ ግን ከስቶ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮሌታውን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ይቆማል፣ በአጥሩ ማዶ የሚጠራው እንዳለ ያዳምጣል፣ ኮሌታውን መልሶ ይሰቅላል። እራታችን ዳቦና አይብ ሆነ። ወይዘሮ ኦሊቭም አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ታሰጣ ሳለ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሜቪስ፣ የኔ ልጅ፣ እንስሶቹ ደህና ናቸው? ታመው እንዳይሆን።»

«ደህና ናቸው» አልኳት በቀዝቃዛ ድምፅ።

«ጳጳሱ ጠፋ።»

«ቤቱ ነው ያለው። ከእንግዲህም እዚያው ነው የሚኖረው።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ስለላዋ ስላልተሳካ ተናደደች አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ያን ፊት በብዙ ሴቶችና በአንዳንድ ወንዶች ላይ አይቼዋለሁ፤ ስሙንም አውቀዋለሁ፤ ንዴት አይደለም።

አባቴ ሚስማሮቹን ያገኛቸው ከምርመራው አራት ቀን በፊት ነው። ሲጮህብኝ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ዕለትም አልጮኸም፤ ይልቁንም ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ማን ነው ይህን የደፈነው?»

«እኔ። እንዳያመልጡ ብዬ።»

ጎንበስ ብሎ በጉጠት አንድ በአንድ ነቀላቸው። «ሜቪስ፣ ስሚኝ። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ቤት ቤት አይደለም። ውስጡ ያለውን ብትወጂውም ባትወጂውም። ገባሽ?»

ገባኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ የበጋ ወቅት አዋቂ ሰው ከነገረኝ ሁሉ በትክክል የገባኝ ይህ ብቻ ነው።

ነገር ግን ችግር ተፈጠረ። በሩ ቢከፈትም ፌሬቶቹ አልወጡም። ሁለት ሳምንት ተዘግቶባቸው ቤቱን ወደውት ነበር፤ መኝታው ይሞቃል፣ አየሩ ይዘዋወራል፣ መጸዳጃው ሩቅ ነው። አባቴ በሠራው ሥራ ብልሃት ራሱ ተጠለፈ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከከሰል ማስቀመጫው ጀርባ ቁጭ ብዬ ስጠብቃቸው፣ አባቴ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ መጣ። ግራና ቀኝ ተመለከተ። ጳጳሱን ከእንቅልፉ አንስቶ በማምለጫዋ በር አፍ ላይ አስቀመጠው።

«ሂድ» አለው በሹክሹክታ።

ጳጳሱ አዛጋና ተመልሶ ገባ።

«አንተ ምስጋና ቢስ! ሂድ እንጂ!»

ሁለተኛም ገፋው። ሁለተኛም ተመለሰ። በመጨረሻ አባቴ በጃኬቱ ሸጎጠው፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ በወይዘሮ ኦሊቭ የሽንኩርት መደብ ላይ በቀስታ አወረደው፤ ከዚያ የማምለጫዋን በር በጥንቃቄ ዘግቶ፣ መቀርቀሪያዋንም ከልማድ የተነሣ ጥርቅም አድርጎ፣ ፊቱን ሊታጠብ ሮጠ።

ዓለሜ ተናጋ። ከሃዲው በገዛ ቤታችን ነበር! አባቴ ከጠላት ጋር ተስማምቶ እንስሶቹን አንድ በአንድ እያስረከበ ነው። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ፤ ማለት ከኬኩ በስተቀር።

ቅዳሜ አቶ ፔንማን መጡ። ክብ ባርኔጣና የቆዳ ቦርሳ ያላቸው፣ በወጣትነታቸው በጉድጓዱ ሠርተው ሁለት ጣት የተዉበት ሰው ናቸው። ቤቱን በሜትር ለኩ፣ ሽቦውን በቀሩት ጣቶቻቸው ሳቡት፣ ጣሪያውን በጡጫ መቱት። ወይዘሮ ኦሊቭ በአጥሩ ማዶ አንድ አንሶላ ይዛ ለሩብ ሰዓት ታሰጣ ነበር። ከትበርት የእኛን ግድግዳ ተደግፎ ፒፓውን ያጨሳል።

«ሥራው ጠንካራ ነው» አሉ አቶ ፔንማን። «ከእኔ ቤት ይሻላል። ነገር ግን ዊልፍ፣ የርግብ አርቢዎቹ ማኅበር አቤት ብሎብሃል፤ ለርግቦቹ ፈርቷል። ሦስት ጊዜ ወጥተዋል፤ ትናንት ወዲያ አራተኛ ጊዜ ታይተዋል። ቤቱ አይዛቸውም ማለት ነው። አዝናለሁ፤ ቅጹ የሚለኝ ይወገዱ ነው።»

የርግብ አርቢዎች! ነገሩን ለማሰላሰል ጊዜ አልነበረኝም። አባቴን አየሁት፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን ይዳስሳል። ዝም ካልኩ ሳሊ ትሄዳለች። ከተናገርኩ አባቴ ይዋረዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ እሱ ማንም አልነበረኝም።

«ቤቱ ምንም አላጠፋም!» ብዬ ጮህኩ። «ፌሬቶቹም አላጠፉም! አባዬ ነው! ጳጳሱ እምቢ ሲለው በጃኬቱ ሸሽጎ በአጥር የወረወረው እሱ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ! ለወይዘሮ ኦሊቭ እየሰጣት ነው!»

ከትበርትን ጭሱ ትን አለው። አቶ ፔንማን ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ።

«ዊልፍ፣ እውነት ነው?»

አባቴ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፤ ቅላቱ ወደ ጆሮው፣ ከዚያም ወደ ራሱ ወጣ። መሬቱን አየ። በዚያች ሰዓት መሬቱ ቢደረመስ ድጋፍ የሚተክል አይመስለኝም።

«እውነት ነው» አለ ወፍራም ድምፅ ከአጥሩ ማዶ። ወይዘሮ ኦሊቭ አንሶላውን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጥታለች። «ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ። እንስሳው ማድቤቴ በገባ ቁጥር ያቺ በር ከውጭ ተቀርቅራ አገኛታለሁ። ፌሬት ከኋላው በር ይዘጋል እንዴ?»

አቶ ፔንማን ቅጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተዘጋጀ ክፍት ቦታ አልነበረውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ቤቱ ይይዛቸዋል።»

«ይይዛቸዋል» አለ ከትበርት።

«መውጫው ስንት ነው?»

«ሁለት» አለ አባቴ፣ መሬቱን እያየ።

«ሁለት። እንደ ደንቡ ነው።» ጻፉ። «ሁለተኛው ወዴት ያወጣል?»

አባቴ የማምለጫዋን በር መቀርቀሪያ ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ።

«ወደ እኔ» አለች ወይዘሮ ኦሊቭ።

የአንሶላው ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር። አቶ ፔንማን ሳያዩአት «እንዲህ ከሆነ የጎረቤቷ ስምምነት ያስፈልጋል። በጽሑፍ» አሉ።

«ጠያቂው ሳይጠይቀኝ ነው የምስማማው?»

ሁላችንም አባቴን አየነው። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፤ በእጁ እያዞረ፣ እያዞረ፣ በጉድጓዱ ውስጥ በሚጮህበት ድምፅ፣ በሌላው አውራጃ ሊሰማ በሚችለው ድምፅ፣ «ኦሊቭ፣ ትስማሚያለሽ?» አለ። ከጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ርግቦች በረሩ።

«ለምን ትጮሃለህ?» አለች። «ስጡኝ ብዕሩን።»

ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወጣ፤ እኔ ግን ብዕሩ መጥፎ ነው አልኩ።

በጥቅምት ተጋቡ። በዚያ የምርመራ ቅዳሜ ግን ይህ እንደሚሆን ከማያውቁት ሁለት ነፍሳት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ሌላው ጳጳሱ ነው። ከትበርት ካፖርቱን በአንድ እጅጌው እየጎተተ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲሮጥ አየሁ፤ የፌሬቶቹን መዳን ሊያበሥር ነው አልኩ፤ ወዳጅነቱ ነካኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ወደ ጓሯችን ይፈስ ጀመር። ሴቶች አቀፉኝ፤ ሽማግሌዎች ራሴን ዳሰሱኝ፤ አንዱ የቤተ ጸሎቱ ዲያቆን ዓይኑን ጠረገ። ለሁለት ፌሬቶች ይህን ያህል ፍቅር በመንደሩ ውስጥ እንዳለ አልጠበቅሁም ነበር። በሥራው ያገዝኩም እኔ እንደመሆኔ፣ ለእያንዳንዳቸው አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በትዕግሥት አስረዳኋቸው።

ከሁሉም መጨረሻ አሮጊቷ ወይዘሮ ጎውላንድ መጣች፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ናት፤ ባሏ ከኋላዋ ዱላውን እየጎተተ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አየሩና ስለ እርምጃዋ ፍጥነት ያጉረመርማል። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሜቪስ፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት ደስ ብሎሻል! ምን ያህል ያማረ ነገር ነው!»

«አዎ» አልኳት በክብር። «ዋናው ነገር ግን ሁለት መውጫ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ቢደፈን በሌላው ያመልጣሉ።»

ወይዘሮ ጎውላንድ ተመለከተችኝ። ዞር ብላ ባሏን ተመለከተችው፤ ስለ ጉልበቱ ገና አልጨረሰም ነበር። ከዚያ እንደገና ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴን ለቀቀችው።

«በእኛ ጊዜ» አለች፣ «ይህን የሚነግረን አልነበረም።»